የሙዚቃ ቀረጻ ሶፍትዌርን በኦፕሬቲንግ ሲስተም የሙከራ ሥሪት ላይ ማሠራት፦ ለባሕር ዳር ስቱዲዮዎች

አፕል የቀጣዩን ማክ ኦኤስ የሙከራ ሥሪት በየዓመቱ ሰኔ ላይ ለገንቢዎች ያወጣል፣ ብዙውን ጊዜ ሐምሌ ላይ ለሕዝብ ይከፍተዋል፣ የተጠናቀቀውን ደግሞ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ መስከረም ላይ ይለቃል። የዊንዶውስ 11 ዓመታዊ ማሻሻያም ባለፉት ዓመታት የወጣው በመስከረምና በጥቅምት ነው። ለባሕር ዳር ስቱዲዮ ወቅቱ ምን ማለት እንደሆነ የሥራው ሰው ያውቀዋል። የእንቁጣጣሽ ሥራ ገና ርክክቡ አላለቀም፣ ለጥር ሠርግ የሚሆነው ደግሞ መግባት ጀምሯል። ኮምፒውተሩ ሌሊት ራሱን አፕዴት አድርጎ ሳውንድ ካርዱን «አላውቀውም» ሲል፣ ነገሩ የሚታወቀው ዘፋኙ ማይክ ፊት ከቆመ በኋላ ነው። የሙከራ ሥሪትን አስቀድሞ መፈተሽ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አዲስ መልክና አዲስ ቁልፍ ለማየት ብቻ ከሆነ ድካሙ አያዋጣም።

ለፈተናው የሚመቹት ወራት ሐምሌና ነሐሴ ናቸው። የሠርግ ሥራ ቀዝቅዟል፤ ፍልሰታ ሲገባ ደግሞ ጨርሶ ይቆማል። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርደው ዝናብ ማይክ ባያስከፍትም፣ ከዚህ በታች ያሉት ፈተናዎች አብዛኞቹ የሚሠሩት በኬብል ብቻ ስለሆነ ዝናቡ አያግዳቸውም። የክረምቱ ጣጣ መብረቁና የመብራቱ መቆራረጥ ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ፋይሎቹን እየተካ ሳለ መብራት ከሄደ ኮምፒውተሩ ጨርሶ ላይነሳ ስለሚችል፣ ጭነት የሚጀመረው የላፕቶፑ ባትሪ ሞልቶ ነው። ዴስክቶፕ ከሆነ ቢያንስ አንድ ሰዓት የሚያቆይ ዩፒኤስ ይኑረው።

የትኛው ሥሪት ይሻላል?

ማይክሮሶፍት የሙከራ ሥሪቶቹን የሚያወጣው በ2014 (እ.ኤ.አ.) በጀመረው የኢንሳይደር ፕሮግራም በኩል ነው። መስመሮቹ ካናሪ፣ ዴቭ፣ ቤታና ሪሊዝ ፕሪቪው ይባላሉ። ካናሪ ገና ጥሬው ነው፤ እዚያ የሚታየው ነገር ሁሉ ወደ ሕዝብ ሥሪት ይገባል ማለትም አይደለም። ከእሱ ለመውጣት ዊንዶውስን ከባዶ መጫን ግድ ነው። ሪሊዝ ፕሪቪው ግን ለሕዝብ ሊለቀቅ የተቃረበው ነው።

የእኛ ምክር ግልጽ ነው፦ ደንበኛ የሚያስተናግድ ስቱዲዮ ሪሊዝ ፕሪቪውን ብቻ ይፈትሽ። «በሚቀጥለው ወር አፕዴቱ ሲመጣ ካርዴ ይሠራል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው እሱ ነው። ቤታ ትርፍ ኮምፒውተር ላለው አይከፋም። ካናሪ የሚያስፈልገው አንድ የተለየ ነገር ለሚከታተል ሰው ነው፤ ለምሳሌ ሚዲ 2.0ን (ኪቦርድና ኮምፒውተር የሚግባቡበትን አዲሱን ደንብ) የሚደግፈው አዲሱ የዊንዶውስ የሚዲ አገልግሎት በ2025 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ለሙከራ የቀረበው በካናሪ ነበር። የሚዲ ኪቦርድ ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ይህን ቀድሞ ማየቱ ይጠቅመዋል፤ ክራርና ማሲንቆ ለሚቀርጽ ግን ምኑም አይደለም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ማይክሮሶፍት አዳዲስ ነገሮችን ለሁሉም ሞካሪ በአንድ ቀን አይከፍትም፤ ቀስ በቀስ ነው የሚያዳርሰው። ስለዚህ ሁለት ኮምፒውተሮች የቢልድ ቁጥራቸው (የሥሪቱ መለያ ቁጥር) አንድ ሆኖ አሠራራቸው ሊለያይ ይችላል። ጓደኛችሁ ጋ ስለሠራ ብቻ እናንተም ጋ ይሠራል ብላችሁ አትደምድሙ።

ቨርቿል ማሽን (በኮምፒውተሩ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ ፕሮግራም) ውስጥ መፈተሽ የሚቀል ይመስላል። ሶፍትዌሩ መጫኑንና መከፈቱን ለማየት ይበቃል፤ የድምፅ መዘግየትን ለመለካት ግን አይሆንም፤ በካርዱና በሶፍትዌሩ መካከል ሌላ ንብርብር ስለሚገባ የምታገኙት ቁጥር የእውነተኛውን ማሽን አይመስልም። ሩፉስ በተባለው ፕሮግራም ዊንዶውስን ኤክስተርናል ዲስክ ላይ አድርጎ ማስነሳትም ይቻላል። እንዲህ የተጫነ ዊንዶውስ ግን ወደ ቀጣዩ ሥሪት አይሻገርም፤ ለአንድ ጊዜ ምርመራ ካልሆነ በስተቀር አያገለግልም። የሚሻለው የራሱ ኤስኤስዲ ወይም የራሱ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፋይ) ነው።

ከመጫን በፊት

የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው፦ 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፍላሽ፣ ለአዲሱ ሲስተም ቢያንስ 100 ጊጋባይት ባዶ ቦታ፣ የማይክሮሶፍት አካውንት፣ የሳውንድ ካርዱ ድራይቨር (ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) መጫኛ በሌላ ፍላሽ ላይ። የመጫኛ ፋይሉ ከ5 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ በሞባይል ዳታ ቀን ላይ ከማውረድ የሌሊት ጥቅል መግዛት ይሻላል። ተቋርጦ የሚቀጥል የማውረጃ ፕሮግራም ተጠቀሙ፤ ካልሆነ 4 ጊጋባይት ላይ ሲቋረጥ ሀ ብሎ መጀመር ይመጣል።

በቀረጻ ሶፍትዌራችሁ ውስጥ ያሉትን ፕሮጀክቶቻችሁን ሰብስቡ። ኩቤዝ ላይ «ባክአፕ ፕሮጀክት»፣ ሪፐር ላይ «ሴቭ ፕሮጀክት አዝ» ውስጥ ሚዲያውን ሁሉ ወደ ፕሮጀክቱ ፎልደር የሚገለብጠው ምርጫ፣ ኤፍኤል ስቱዲዮ ላይ ደግሞ «ኤክስፖርት» ውስጥ ያለው የዚፕ ጥቅል ይህን ያደርጋሉ። ርክክባቸው ያልተጠናቀቀ ሥራዎችን ከዚህ በተጨማሪ ትራክ በትራክ በ24 ቢት ዌቭ አውጡና ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። አንድ ሞኖ ትራክ በ48 ኪሎ ኸርዝ በ24 ቢት በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ያህል ስለሚይዝ፣ ሃያ ትራክ ያለው የ5 ደቂቃ ዘፈን አንድ ጊጋባይት እንኳ አይሞላም። ዲስኩን ከገለበጣችሁ በኋላ ንቀሉትና ሌላ ክፍል አስቀምጡት፤ ጭነት ላይ ተሰክቶ ከቆየ በስሕተት እሱኑ ፎርማት የሚያደርግ ሰው አይጠፋም።

ቢትሎከር (ዲስኩን በምስጢር የሚቆልፈው የዊንዶውስ ጥበቃ) የበራ መሆኑን እዩ። ከበራ ባለ 48 አኃዙን የማስመለሻ ቁልፍ በወረቀት ጻፉ፣ ከዚያ ለጊዜው አቋርጡት። የመነሻው ሁኔታ ሲለወጥ ኮምፒውተሩ ይህን ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል፤ ቁልፉ ከሌለ ሥራችሁ ዲስኩ ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል።

«ፋስት ስታርትአፕ»ንም አጥፉ። ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ የማጥፊያ ቁልፎችን ሥራ የሚወስነው ገጽ ላይ ይገኛል። ይህ ምርጫ ከበራ ዊንዶውስ ሲዘጋ በትክክል አይዘጋም፤ ግማሽ እንቅልፍ ነው የሚተኛው። ሁለት ሲስተሞች አንድ ዲስክ ሲነካኩ ደግሞ በዚህ የተነሳ የፋይል ብልሽት ይመጣል።

አጫጫን

1. በተረጋጋው ዊንዶውስ (አሁን በምትሠሩበት) ላይ ዲስክ ማኔጅመንትን ክፈቱ። ሰፊውን ፓርቲሽን በቀኝ ተጫኑና «ሽሪንክ ቮሊዩም» በሉ፤ 102400 ሜጋባይት ቀንሱ። የተገኘውን ባዶ ቦታ አትንኩት፣ ስምም አትስጡት።

2. የኢንሳይደር መጫኛ ፋይሉን ከማይክሮሶፍት ገጽ በአካውንታችሁ ገብታችሁ አውርዱና በሩፉስ ፍላሽ ላይ ጻፉት። ዝም ብሎ ወደ ፍላሹ መገልበጥ አይሠራም፤ ውስጡ ያለው ትልቁ ፋይል ከ4 ጊጋባይት ሊበልጥ ይችላል፣ ፋት32 ደግሞ ከዚያ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም።

3. ሳውንድ ካርዱን፣ ኤክስተርናል ዲስኩን፣ ዶንግሉን (የላይሰንስ ዩኤስቢውን) ሁሉ ንቀሉ። ኪቦርድ፣ ማውስና ፍላሹ ብቻ ይቅሩ።

4. ከፍላሹ አስነሱ። መጫኛው ሲጠይቅ «ከስተም» የሚለውን ምረጡና ባዶውን 100 ጊጋባይት ጠቁሙ። መጠኑን ሁለት ጊዜ አንብቡ። እዚህ ላይ የተሳሳተ ፓርቲሽን መሰረዝ መመለሻ የለውም።

5. የተጠቃሚ ስም ሲጠይቅ በእንግሊዝኛ ፊደል አጭር ስም ስጡ። ስሙ በአማርኛ ፊደል ከሆነ የተጠቃሚው ፎልደርም በዚያው ይሰየማል፤ አንዳንድ አሮጌ ፕለጊኖች (በቀረጻ ሶፍትዌሩ ላይ የሚጨመሩ የመሣሪያ ድምፅና የኢፌክት ፕሮግራሞች) ደግሞ እንዲህ ያለውን መንገድ ማንበብ ስለማይችሉ የሚጫወቱትን የድምፅ ፋይል፣ ሳምፕላቸውን፣ «የለም» ይላሉ። የፕሮጀክት ፎልደርም እንደዚሁ ነው፤ «የጥር ሠርግ» ብሎ በአማርኛ መሰየም የሚያምር ቢሆንም የፈተና ፕሮጀክት ላይ ይቅርባችሁ።

6. የሰዓት ክልል ላይ ናይሮቢን ምረጡ፤ የኢትዮጵያም ሰዓት እሱው ነው። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ለማየት ብሎ 6 ሰዓት ወደ ኋላ መመለስ የላይሰንስ ማረጋገጫን ያሰናክላል፣ የፋይል ቀኖችንም ያደባልቃል።

7. ሲስተሙ ሲነሳ ዋይፋዩን «ሚተርድ» አድርጉት፣ ትልልቅ አፕዴቶች ዳታችሁን ሳይጠይቁ እንዳይጨርሱ። ከዚያ ሴቲንግስ፣ ዊንዶውስ አፕዴት፣ ኢንሳይደር ፕሮግራም ውስጥ ገብታችሁ መስመራችሁን አስተካክሉ። ፕሮግራሙ የምርመራ መረጃ መላክን እንድታበሩ ይጠይቃል፤ ያለዚያ አይቀጥልም።

8. ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ገብታችሁ የአሮጌውን ዊንዶውስ ፓርቲሽን የድራይቭ ፊደል አንሱ። የሙከራው ሲስተም የሥራ ፋይሎቻችሁን ካላየ አያበላሻቸውም።

ኮምፒውተሩ ሲነሳ አሁን ሁለት ዊንዶውስ ያሳያል። ቀድሞ የሚነሳው የተረጋጋው እንዲሆን በሲስተም ኮንፊገሬሽን የቡት ገጽ ላይ ወስኑ። ደንበኛ እየጠበቀ ወደ ሙከራው መግባት ጊዜ ያስበላል።

ድራይቨር

ችግር ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። የቀረጻ ሶፍትዌሩ ራሱ ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ጥልቅ ክፍል ጋር እምብዛም አይገናኝም፤ ድራይቨሩ ግን በከርነሉ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ከርነሉ ሲለወጥ ቀድሞ የሚናጋው እሱ ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ካርዱ ሳይሰካ የአምራቹን የአሲዮ ድራይቨር (ድምፅ ሳይዘገይ እንዲያልፍ የተሠራውን ዓይነት) ጫኑ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አስነሱ፣ ከዚያ ካርዱን ሰካ በተባለበት ሰዓት በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ባለው ዩኤስቢ ሰኩ። ማከፋፈያ አትጠቀሙ። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ቢጫ ምልክት ካልታየ ደህና ነው። ከታየ ሁለት ነገር ጠርጥሩ። አንደኛው «ኮር አይሶሌሽን» ውስጥ ያለው «ሜሞሪ ኢንቴግሪቲ» ነው፤ ይህ ጥበቃ አሮጌ ድራይቨሮችን አያስገባም፣ አዲስ በተጫነ ሲስተም ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ በርቶ ነው የሚመጣው። ለፈተና ብላችሁ ማጥፋት ትችላላችሁ፤ ጠፍቶ ካርዱ ከሠራ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው፦ ድራይቨሩ አርጅቷል፣ አምራቹ አዲስ ካላወጣ ካርዱን መቀየር ሳይሻል አይቀርም። ሁለተኛው፣ ዊንዶውስ አፕዴት የአምራቹን ድራይቨር በራሱ ተክቶት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ከድራይቨሩ ገጽ «ሮል ባክ» በሉ ወይም በፍላሽ ያስቀመጣችሁትን መልሳችሁ ጫኑ።

የአምራቹ ድራይቨር እምቢ ካለ ዊንዶውስ ራሱ የያዘው አለ። ከዊንዶውስ 10 የ1703 ሥሪት ጀምሮ የዩኤስቢ ኦዲዮ ክላስ 2 ድራይቨር አብሮ ይመጣል፤ ይህን ደንብ የሚከተል ካርድ ያለ ሌላ ጭነት ድምፅ ይሰጣል። በዚያ ላይ አሲዮ ፎር ኦልን ጭኖ መሥራት ይቻላል። ይህ መሸጋገሪያ ነው፤ ከአምራቹ ድራይቨር ጋር እኩል መዘግየት አትጠብቁበት።

በአርም ፕሮሰሰር የሚሠራ ላፕቶፕ ያላችሁ፣ ለሌላ ፕሮሰሰር የተሠራ ሶፍትዌርና ፕለጊን በዊንዶውስ ማስመሰያ አልፎ ሊሠራ ይችላል፤ ድራይቨር ግን አይችልም። ለአርም የተሠራ ድራይቨር ከሌለ ካርዱ በአምራቹ አሲዮ አይሠራም፤ መልሱ አጭር ነው።

ሶፍትዌሩና ፕለጊኖቹ

መጀመሪያ ሪፐርን ጫኑ። ዋናው ሥራችሁ ኩቤዝ ወይም ኤፍኤል ስቱዲዮ ቢሆንም ይህን አድርጉ። ትንሽ ነው፣ ለ60 ቀን በሙሉ አቅሙ መሞከር ይፈቀዳል፣ በራሱ ፎልደር ብቻ እንዲቀመጥ ተደርጎ መጫንም ይችላል። ሪፐር ያለ ምንም ፕለጊን ካርዱን ካስከፈተና ከቀረጸ፣ ድራይቨሩና ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ተስማምተዋል ማለት ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ችግር ከዋናው ሶፍትዌር ወይም ከፕለጊን ነው። ይህን ሳያደርጉ ሁሉንም አንድ ላይ ጭኖ ማስነሳት፣ ሲሰናከል ጥፋተኛውን ማወቅ የማይቻልበት ቦታ ያደርሳል።

ከዚያ ዋናውን ሶፍትዌር ያለ ፕለጊን ጫኑ። ላይሰንስ ላይ ተጠንቀቁ፦ የሙከራው ዊንዶውስ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ቢሆንም እንደ ሌላ ኮምፒውተር ሊቆጠር ይችላል። የኩቤዝ አምራች የስታይንበርግ አዲሱ ላይሰንስ ለ3 ኮምፒውተር ይፈቅዳል። የሌሎቹ ቁጥር ሊያንስ ስለሚችል ሲስተሙን ከማጥፋታችሁ በፊት ላይሰንሱን መልሱ።

በክራክ የሚሠራ ሶፍትዌር ለዚህ ፈተና አይሆንም። ነገሩን ከሕግ ባሻገር ብናየው እንኳ፣ ክራኩ የፕሮግራሙን ፋይሎች ስለለወጠ ሲሰናከል ያሰናከለው አዲሱ ሲስተም ይሁን ክራኩ አይለይም፤ የዊንዶውስ ዲፌንደርም መሐል ላይ ፋይሉን አንሥቶ ይወስደዋል። የሙከራ ጊዜ በሚሰጥ ሕጋዊ ሥሪት መፈተሽ ይሻላል።

ፕለጊኖችን በትንሽ በትንሹ አስገቡ። 64 ቢት የሆኑት የቪኤስቲ 3 (የተለመደ የፕለጊን ዓይነት) ፕለጊኖች የሚቀመጡት ፕሮግራም ፋይልስ፣ ኮመን ፋይልስ፣ ቪኤስቲ 3 ውስጥ ነው። ሶፍትዌሩ ሲነሳ ፕለጊን እየቃኘ ክራሽ ካደረገ ግማሹን ፕለጊን ወደ ሌላ ፎልደር አውጡና እንደገና ክፈቱ። ከተከፈተ ጥፋተኛው ከወጣው ግማሽ ውስጥ ነው፤ እንዲህ እያካፈላችሁ ስትሄዱ 64 ፕለጊን ቢኖር ከ6 ዙር በኋላ አንዱን ለይታችሁ ትይዙታላችሁ። የ32 ቢት ፕለጊን ላይ ግን ጊዜ አታጥፉ።

ፈተናው

በዚህ ላይ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል። «ከፈትኩት፣ ሠራ» ማለት ፈተና አይደለም። በተረጋጋው ሲስተምና በሙከራው ላይ አንድ ዓይነት ሥራ ሠርቶ ቁጥሮቹን ማስተያየት ነው ፈተና።

ፕሮጀክቱ 48 ኪሎ ኸርዝ፣ 24 ቢት ይሁን። በፈሩን (ካርዱና ሶፍትዌሩ በአንድ ጊዜ የሚቀባበሉትን የድምፅ መጠን) 256 ሳምፕል ላይ ጀምሩ፤ እዚህ ላይ ሳምፕል ማለት አንድ የድምፅ ልኬት ነው። በ48 ኪሎ ኸርዝ 64 ሳምፕል 1.3፣ 128 ሳምፕል 2.7፣ 256 ሳምፕል 5.3፣ 512 ሳምፕል 10.7 ሚሊ ሰከንድ ነው። ይህ የአንድ በፈር ብቻ ነው፤ መግቢያና መውጫው ሲደመር ከእጥፉ ያልፋል።

መጀመሪያ የኬብል ዙሪት። የካርዱን የ48 ቮልት ቁልፍ አጥፉ፣ ስፒከሩን ዝቅ አድርጉ፣ የካርዱን ቀጥታ ማዳመጫ ዝጉ፣ ከዚያ የካርዱን መውጫ 2 በጃክ ኬብል ከመግቢያ 2 ጋር አገናኙ፤ መግቢያው ላይን ላይ ይሁን። ትራክ 1 ላይ በየሰከንዱ አንድ ጊዜ የሚመታ አጭር ድምፅ ለ10 ደቂቃ ዘርጉና በመውጫ 2 ብቻ እንዲወጣ አድርጉ። ትራክ 2ን በመግቢያ 2 ለቀረጻ አዘጋጁ፤ የሶፍትዌሩ ማዳመጫ ግን መጥፋቱን አረጋግጡ፣ ካልሆነ ድምፁ ዞሮ ዞሮ ያጮኻል። ቅረጹ።

ሲያበቃ የመጀመሪያውን ምት አጉሉትና በትራክ 1ና በትራክ 2 መካከል ያለውን ልዩነት በሳምፕል ቁጠሩ። 48 ሳምፕል 1 ሚሊ ሰከንድ ነው። ጥቂት ሳምፕል ቢለያይ አያስጨንቅም። 480 ሳምፕል ከሆነ ግን 10 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ በቅንብሩ ላይ የሚቀረጸው ከበሮ ሁሉ ከምቱ ኋላ ይቀራል፤ ከበሮ መቺው ሳያጠፋ «አልያዝክም» ይባላል። ይህ የሚሆነው ድራይቨሩ ለሶፍትዌሩ የሚናገረው መዘግየትና ትክክለኛው መዘግየት ሳይገጥሙ ሲቀሩ ነው። ልዩነቱ ሁልጊዜ አንድ ከሆነ መፍትሔ አለው፦ ሪፐር ላይ ፕሪፈረንስስ፣ ኦዲዮ፣ ሪኮርዲንግ ውስጥ ቁጥሩን በእጅ ማስገባት ይቻላል። ሶፍትዌሩን ዘግታችሁ በከፈታችሁ ቁጥር የሚቀያየር ከሆነ ግን ድራይቨሩ በዚያ ሥሪት ላይ አልጸናም፤ እንዳትቀበሉት።

አሁን የመጨረሻውን ምት ለኩ። መግቢያውም መውጫውም የአንድ ካርድ ሰዓት (የሳምፕል መቁጠሪያ) ስለሚከተሉ ልዩነቱ ከመጀመሪያው ምት ጋር አንድ መሆን አለበት። ተቀይሮ ካገኛችሁት መሐል ላይ ሳምፕል ጠፍቷል። ጆሮ ያላገኘውን መቆራረጥ የሚያጋልጠው ይኸኛው ልኬት ነው።

ቀጥሎ የጆሮ ፈተና፣ ለእሱም ማሲንቆ ምረጡ። ከበሮና ጭብጨባ ላይ ትንሽ ጭርጭርታ ቢገባ ከምቱ ጋር ተቀላቅሎ ያመልጣል፤ የማሲንቆ ድምፅ ግን ቀስቱ ሳይነሳ ስለሚረዝም አንድ ሚሊ ሰከንድ እንኳ ቢጎድል እንደ ክር መበጠስ ይሰማል። በትዝታ ቅኝት ረጅም ረጅም ድምፆች እያስጎተታችሁ 10 ደቂቃ ቅረጹ፣ በሄድፎን አድምጡት። ማሲንቆ ካልተገኘ ቀጥ ያለ የ440 ኸርዝ ድምፅ በኬብሉ ዙሪት መቅረጽም ይህንኑ ያሳያል።

ሦስተኛው የማጣፋት ፈተና ነው። አንድ ያለቀ ፕሮጀክት ኮፒውን፣ ዋናውን ሳይሆን ኮፒውን፣ በሁለቱም ሲስተሞች በ24 ቢት ዌቭ አውጡ። ሁለቱን ፋይሎች በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ ጎን ለጎን አስቀምጡና የአንዱን ፌዝ (የሞገዱን ላይና ታች) ገልብጡ። ጸጥ ካለ ውጤቱ አንድ ነው። ድምፅ ከቀረ አንድ ፕለጊን አሠራሩን ቀይሯል ወይም ሳምፕል ሳይጭን ወጥቷል። ኮረስን የመሳሰሉ በራሳቸው የሚወዛወዙ ኢፌክቶችን ግን ቀድማችሁ አጥፉ፤ እነሱ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ጊዜ ቢወጡም አይጣፉም።

ላፕቶፕ ከሆነ ይህን ሁሉ ቻርጀር ነቅላችሁም ድገሙት። መብራት ሲሄድ ቀረጻውን በባትሪ ማስጨረስ የተለመደ ነው፤ አዲስ ሥሪት ደግሞ የኃይል ቁጠባውን ደንብ ሊቀይር ይችላል። ቻርጀር ላይ በ128 የሠራ ማሽን ባትሪ ላይ 512 ሊጠይቅ ይችላል። በርካሽ ዩፒኤስ ሲሠራ የሚሰማው ዝዝታ ግን ከሶፍትዌሩ አይደለም፤ ብዙዎቹ የሚሰጡት ኃይል ንጹሕ ሞገድ ስላልሆነ ነው፤ አዲሱን ሲስተም አትክሰሱበት።

ሲበላሽ ምን ይታያል?

ቀረጻው ጸጥ ካለ፣ ማለትም ሜትሩ ካልተንቀሳቀሰ፣ የማይክሮፎን ፈቃድ እዩ፦ ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ማይክሮፎን፣ ከዚያም ለዴስክቶፕ ፕሮግራሞች የሚፈቅደው ማብሪያ። በአሲዮ ፈንታ በዋሳፒ (የዊንዶውስ የራሱ የድምፅ መንገድ) የሚቀርጽ ሶፍትዌር ይህ ከጠፋ ዝምታ ይቀርጻል፤ ስሕተት እንኳ ላያሳይ ይችላል።

ዘፈኑ ዝግ ብሎ ቃናው ከወረደ፣ በ48 የተቀረጸው በ44.1 እየተነበበ ነው። ልዩነቱ 1.5 ሰሚቶን ገደማ ስለሆነ ዘፋኙ ወዲያው ይነግራችኋል። በካርዱ መቆጣጠሪያ፣ በሶፍትዌሩና በዊንዶውስ የድምፅ ገጽ ላይ ያለውን ቁጥር አንድ አድርጉ፤ አፕዴት ካለፈ በኋላ የዊንዶውሱ ብዙ ጊዜ ወደ ነባሪው ይመለሳል።

ጭርጭርታ ካለ ሌተንሲሞን የተባለውን የመመርመሪያ ፕሮግራም ለ10 ደቂቃ አስኪዱ፤ የትኛው ድራይቨር ፕሮሰሰሩን እንደሚያስጠብቅ በስም ያሳያል። ዋይፋዩን አጥፍታችሁ ድገሙት፤ የኔትወርክ ድራይቨር ሆኖ ይገኛል ብዙ ጊዜ። ከዚያ የዩኤስቢ ኃይል ቁጠባውን በፓወር ኦፕሽንስ አጥፉ። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት ደግሞ በር ተዘግቶ፣ መስኮት በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ሲቀረጽ ላፕቶፑ ይግልና ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል፤ ጭርጭርታው ከ20 ደቂቃ በኋላ ብቻ የሚጀምር ከሆነ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

የሙከራ ሥሪት የማብቂያ ቀን አለው። ቀኑ ሲቃረብ ማስጠንቀቂያ ያሳያል፣ ካለፈም መነሳቱን ሊያቆም ይችላል። የኮምፒውተሩን ቀን ወደ ኋላ መመለስ መፍትሔ አይደለም፤ ላይሰንሱንም ብሮውዘሩንም አብሮ ያሰናክላል። አዲሱን ቢልድ መጫን ነው ያለው።

ለማይክሮሶፍት ለማሳወቅ የዊንዶውስ ቁልፉን ከኤፍ ጋር ተጫኑ፣ ፊድባክ ሃብ ይከፈታል። የቢልድ ቁጥሩን፣ የካርዱን ሞዴል፣ የድራይቨሩን ሥሪት፣ በፈሩን፣ ሳምፕል ሬቱን፣ ስሕተቱ የሚደገምበትን ቅደም ተከተል ጻፉ። «ድምፅ አይሠራም» የሚል አንድ መስመር ማንም አይመረምረውም። ይህንኑ ለካርዱ አምራችም ላኩ፤ ድራይቨሩን የሚያስተካክለው እሱ ነውና።

ማክ ላይ

ማክ ላይ ፓርቲሽን መቁረጥ አያስፈልግም። ዲስክ ዩቲሊቲ ውስጥ የመደመር ምልክቱን ተጫኑና አዲስ የኤፒኤፍኤስ ቮሊዩም ጨምሩ፤ ቦታውን ከዋናው ጋር ይጋራል። ሙሉውን መጫኛ አውርዳችሁ ወደዚያ ቮሊዩም ጫኑት። ዋናው ሲስተም ላይ ሆናችሁ ሶፍትዌር አፕዴት ውስጥ የቤታ ምርጫውን ከነካችሁ ግን የሚቀየረው ዋናው ነው። ከመጀመራችሁ በፊት የታይም ማሽን ቅጂ ይኑራችሁ፤ ፈርምዌሩ ለሁለቱም ቮሊዩሞች አንድ ስለሆነ መለያየቱ ፍጹም አይደለም።

ለኢንቴል ብቻ የተሠሩ ፕለጊኖች በኤም ፕሮሰሰር ማክ ላይ የሚሠሩት ሶፍትዌሩ በሮዜታ (በአፕል ማስመሰያ) ሲከፈት ነው። አፕል ሮዜታ በሙሉ አቅሙ የሚቆየው እስከ ማክ ኦኤስ 27 መሆኑን በ2025 (እ.ኤ.አ.) አስታውቋል፤ በእነዚህ ፕለጊኖች የተሠሩ አሮጌ ቅንብሮች ካሏችሁ ከአሁኑ ትራክ በትራክ ዌቭ አድርጋችሁ አውጧቸው። የማይክ ፈቃድ እዚህም ይጠየቃል፤ መስኮቱ ሲመጣ በችኮላ «አይ» ያለ ሰው በሲስተም ሴቲንግስ የፕራይቬሲ ገጽ ላይ ሄዶ ማብራት አለበት፣ ሶፍትዌሩንም ዘግቶ መክፈት።

ማንሳት

ፈተናው ሲያልቅ በሙከራው ሲስተም ላይ የነበሩትን ላይሰንሶች መልሱ፣ የለካችሁትን የጻፋችሁበትን ፋይል ወደ ፍላሽ ገልብጡ፣ ከዚያ በተረጋጋው ዊንዶውስ ተነሱ። በሲስተም ኮንፊገሬሽን የቡት ገጽ ላይ የሙከራውን ስም ሰርዙ። ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ባለ 100 ጊጋባይቱን ፓርቲሽን አጥፉና ከጎኑ ያለውን «ኤክስቴንድ ቮሊዩም» በሉ፤ ባዶው ቦታ ከፓርቲሽኑ ቀጥሎ በስተቀኝ ካልሆነ ምርጫው አይበራም። ያቋረጣችሁትን ቢትሎከር መልሱ። ማክ ላይ የጨመራችሁትን ቮሊዩም በዲስክ ዩቲሊቲ መሰረዝ ብቻ ይበቃል። በፈተናው ካርዱ ካልሠራ ደግሞ በሥራው ዊንዶውስ ላይ አፕዴቱን ለጥቂት ሳምንት አቁሙ፤ ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ «ፖዝ» የሚለው ምርጫ ይህን ያደርጋል። አምራቹ አዲስ ድራይቨር እስኪያወጣ ድረስ የጥር ሥራ በአሮጌው ይቀጥል።